ሰፊው ሰፊ

የሰፈሩ ሰው «ሰፊው ሰፊ» ነበር የሚለው፤ የፊተኛውን ጠበቅ፣ የኋለኛውን ላላ አድርጎ። ትከሻው በሱቁ በር በግድ ነው የሚያልፈው፤ ሥራው ደግሞ ልብስ ስፌት። ሚስቱ ከጎኑ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጫፍ ትዘመዝማለች። ያኔ ሱቁ ይሞቅ ነበር! ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሱሪው አልቆለትም አይሄድም፤ ሰፊው ወሬ ከጀመረ ማን ወጥቶ! እሷም ክር በጥርሷ እየበጠሰች «አንተ ሰውዬ፣ የምትሰፋው በመርፌ ነው በምላስህ?» ትለዋለች። እሱ ካለፈ ሰንብቷል፤ ያንን ጊዜ ስታስበው ግን ዛሬም ሆዷ ይባባል።

በሕይወት ሳለ አንድ ጊዜ ደም ግፊት ጥሎት ከአልጋ ሲነሳ እጁ ምንም አልሆነም። የቸገረው ቃል ነው። ሊል ያሰበው ይቀርና ድምፁ የሚመስለው ሌላ ቃል ቀድሞ ዘሎ ይወጣል። ጨርቅ ሊል ጨረቃ ይላል። አንድ ቀን ኮት ሊለካ የመጣውን ፖስተኛ፣ «ልብስህን አውልቅ» ሊለው ፈልጎ «ልብህን አውልቅ» አለው።

«ኧረ ጋሼ፣ ልቤንማ ሚስቴ ከወሰደችው ቆየች!» አለ ፖስተኛው። ሱቁ በሳቅ አወካ። እሱ ግን አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፉን ዘጋ። ደንበኛ ሲመጣ ይለካል፣ በጠመኔ ያሰምራል፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ አለቀ።

ለእሷ ከሕመሙ ይልቅ ዝምታው ባሰባት። ያ ወሬኛ ሰው ዳግመኛ ላያዋራኝ ነው ብላ ፈራች። ዕቃ እያነሳች «ይሄ ምንድነው?» ትለዋለች፤ አንገቱን ይደፋል። «የምንሰፋበት፣ ቀጭኑ» ብላ ብታብራራለትም ወይ ፍንክች!

አንድ ጠዋት መርፌ ከእጇ ወደቀ። ሐሳቧ ሌላ ጋ ነበርና «መርከቡን አንሣልኝ» ብላው እርፍ!

«መርፌ!» አለ ቆጣ ብሎ። ሁለቱም ደነገጡ።

ነገሩ ያኔ ገባት። ድምፁ የሚቀርብ ቃል ስትወረውርለት የጠፋው ቃል ተከትሎ ይመጣል። ያው ሲያሳስተው የከረመው መመሳሰል ነው እንግዲህ ሊያቃናው የመጣው። ከዚያ ወዲያ ሆን ብሎ መሳሳት ሥራዋ ሆነ።

«መቀመጫውን አቀብለኝ።»

«መቀስ!»

«ክረምቱ ተበጠሰብኝ።»

«ክሩ!»

«የዚህ ሰውዬ እጁ አጠረ።»

«እጅጌው ነው እንጂ! ምን ነካሽ?»

ደንበኞች «እትዬንም ጀመራት እንዴ?» እያሉ ይንሾካሾካሉ። ይበሏ! እሱ በተቆጣ ቁጥር እሷ ደስታዋን የምትሸሽግበት ታጣለች። እያረማት፣ እያረማት፣ ከአንድ ቃል ወደ ሁለት፣ ከሁለትም ወደ ደህና ጭቅጭቅ ተሸጋገረ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሸሚዝ ደረት እየተመለከተች «አንድ ቁልቁለት ጎድሏል» አለችው።

«ቁልፍ» አለና የስፌት መኪናውን አቁሞ አያት። «ድሮ እንዲህ አትሳሳቺም ነበር።»

«አርጅቼ ነዋ!»

«አርጅተሽ አይደለም። አርደሽ...» ራሱን ነቀነቀ። «አርደሽኝ...» ጭኑን በቡጢ መታ። ልትጠቁመው አፏን ከፈተች፤ ግን ምን ሊል እንደፈለገ እሷም አላወቀችም፤ ጠበቀችው። እሱም ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ድምፅ እየመረጠ፣

«ረድተሽኝ ነው» አለ።

የያዘችውን ሸሚዝ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።