በዓል የሚያከብር እጅ

በንጉሡ ዘመን ቢቸና ገበያ አጠገብ፣ አንድ በረንዳ ላይ፣ ሣህለ ማርያም የሚባል ልብስ ሰፊ ጎረቤት ነበረኝ። በልጅነቱ ዜማ እንዲማር ደብረ ወርቅ ቢልኩት ዓይኑ ከመጽሐፉ ይልቅ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥዕል ላይ እየቀረ አስቸገረ፤ መምህሩም ተስፋ ቆርጠው ወደ አባቱ መለሱት። ሠላሳውን ካለፈ፣ ከተዳረና ከከበደ በኋላ ያ የሥዕል አምሮት ተመልሶ ያዘው።

የመጀመሪያውን ፈረሱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ፈረስ መሆኑን የነገረኝ ራሱ ነው፤ እኔማ ፍየል መስሎኝ ቀንዱን ምነው ረሳህ ልለው ነበር። እሱ ግን የሚያፍር ሰው አይደለም። በጣውላ ላይ በከሰል ይሥላል፣ በውኃ ያጥባል፣ እንደገና ይሥላል። ቀስ በቀስ ፍየሉ በቅሎ ሆነ፤ በቅሎውም ፈረስ ሆነ።

አንድ ቀን አለቃ ገብረ ሕይወት የሚባሉ የሞጣ ሰው ካባ ሊያሰፉ መጥተው ጣውላውን አዩት። ሞጣ አጠገብ አዲስ ቤተ ክርስቲያን እያሠሩ ኖሯል።

«ሰሜኑን ግድግዳ ሞክር። ጊዮርጊስን ከነፈረሱ ሣልልን። ለሚያዝያ በዓሉ ደርሶ ካማረ የቀሩት ሦስቱም ግድግዳዎች ያንተ ናቸው» አሉት።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ዕብድ ሆነ። በሥራ ቀን ከስፌት መኪናው ጋር ይውላል፤ በዓል ሲመጣ ስፌቱን ይተውና ከሰሉን እንደ መቀስ ጨብጦ ጣውላው ላይ ይደፋል። ሚስቱ ወለተ ገብርኤል ታየዋለች።

«አንተ ሰው፣ እጅህ መቼ ነው የሚያርፈው?»

«ሥዕል ሥራ ነው እንዴ? ጸሎት እኮ ነው።»

በኅዳር ጊዮርጊስ ዕለት፣ የጊዮርጊስን ጦር እየሣለ ሳለ፣ ከሰሉ ከእጁ ወደቀ። የእጁ አንጓ አብጧል፤ አውራ ጣቱ አልታጠፍ አለው። ወጌሻ ቢጠራ አገላብጦ ዳሰሰና «አጥንቱ ደኅና ነው» ብሎ ቅቤ አሽቶት ሄደ። መንደራችን ግን ምክንያቱን ለማግኘት ወጌሻም አላስፈለገው። ማታውን ጠላ ቤቱ ሁሉ አንድ ነገር ያወራ ነበር፤ ጊዮርጊስ ቀሰፈው! የገዛ ቀኑን ሻረበት፣ ያውም እሱኑ እየሣለ!

ሣህለ ማርያም ከሕመሙ ይልቅ ወሬውን ፈራ። ቅዱሱ ቀሰፈው የተባለ ሰው የቅዱሱን ግድግዳ ማን ይሰጠዋል? ወደ ንስሐ አባቱ ወደ ቄስ ፋንታ ሮጠ።

ቄስ ፋንታ ሳቃቸውን ውጠው «ስግደት አልሰጥህም፤ በዚያ እጅህ እንዴት ትሰግዳለህ?» አሉት። «በበዓል ቀን መቀስም ከሰልም እንዳትነካ። ቀኖናህ ይኸው ነው።»

የአገራችን በዓል ደግሞ ይታወቃል። ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ ባለወልድ እያለ ይቀጥላል፤ ቅዳሜና እሑድ ሲጨመሩበት ለሰነፍ ገነት ነው። ለሣህለ ማርያም ግን ሲኦል ሆነበት። ታዲያ መቼ ልሣል ብሎ ሲያለቃቅስ ወለተ ገብርኤል መላውን አመጣች። በሥራ ቀን ከምሳ በኋላ መኪናው ላይ እሷ ተቀመጠች። ሴት በወንድ ቦታ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሱሪ ትሰፋለች ተብሎ ገበያው አንድ ሰሞን ሲንጫጫ፣ እሷ ቀና ብላም አላየች። ስፌቷ ከሱ የተሻለ ነበር፤ ይህን ፊት ለፊት ደፍሮ የነገረው ግን የለም።

በበዓል ቀን እጁን ነጠላው ውስጥ ከቶ ጉግስ ሜዳ ይሄዳል። ፈረስ ሲዞር አንገቱ የት እንደሚታጠፍ፣ ሲቆም ክብደቱ በየትኛው እግሩ ላይ እንደሚያርፍ ሲያይ ይውላል። በማግሥቱ ጣውላውን ግድግዳ ላይ አቁሞ፣ ከሰሉን ላላ አድርጎ ይዞ፣ ከትከሻው ጀምሮ መላ ክንዱን እያንቀሳቀሰ ይሥላል። አንጓው ሲነዝረው ሳይሆን ሊነዝረው ሲያስብ ያቆማል። እብጠቱ ጠፋ፤ ፈረሱም መተንፈስ የቀረው ብቻ ሆነ። ጊዮርጊስ ምሮት ይሁን ዕረፍት አድኖት፣ እኔ በሁለቱ መካከል አልገባም።

በመጋቢት ሞጣ ወርዶ ሥራ ጀመረ። ጉዱ የመጣው በሚያዝያ ሚካኤል ዕለት ነው። በዓሉ ቀርቧል፤ አለቃ ቢመጡ ሠዓሊያቸው ዋርካ ሥር እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ምነው ሣህለ ማርያም? ተነሥ እንጂ!»

«ዛሬ ሚካኤል ነው፣ አባ።»

«ለቤተ ክርስቲያን መሥራት ምን ኃጢአት አለው? እኔ ፈቅጄልሃለሁ!»

«እርስዎ ፈቅደውልኛል። እጄ ግን አልፈቀደልኝም።»

አለቃ ተቆጡ። ካልሠራህ ከደብረ ወርቅ ሌላ ሠዓሊ አስመጣለሁ አሉት። ራሱ እንደ ነገረኝ፣ ያኔ ብሩሹን ሊያነሣ ተነሥቶ ነበር። አውራ ጣቱን አየና ተመልሶ ተቀመጠ። የዕድሜ ልክ ምኞቴን በገዛ እጄ ገደልሁት እያለ ቀኑን ሙሉ አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመሰም።

አለቃ ግን ማንንም አላስመጡም፤ ቀኑ አጥሯል። ለበዓሉ እኔና ወለተ ገብርኤል የበርበሬ ጭነት ላይ ተሳፍረን፣ መንገዱን ሙሉ እያስነጠስን ሞጣ ደረስን። ቤተ ክርስቲያኑ በሰው ጢም ብሏል። ሰሜኑ ግድግዳ ላይ ነጩ ፈረስ አንገቱን አጥፎ ወደ ሕዝቡ ዘወር ብሏል፤ ጦሩ የዘንዶውን ጉሮሮ ወግቷል። የዘንዶው ጅራት ግን የለም! ወገቡ ላይ ሲደርስ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ነጭ ጨርቅ ባዶውን ቀርቷል።

አንዲት አሮጊት ፈረሱን አይተው እልል አሉ፤ ሌሎቹም ተቀበሏቸው። አለቃ ጢማቸውን ይዘው እስኪረጋጋ ጠበቁና፣

«ጅራቱስ?» አሉት።

«ዛሬ ጊዮርጊስ ነው፣ አባ» አለ ሣህለ ማርያም። «ነገም ተክለ ሃይማኖት ነው።»

ወለተ ገብርኤል ክንዴን አጥብቃ ያዘችኝ። አለቃ ወደ እሱ ቀርበው ቀኝ እጁን ብድግ አደረጉና አውራ ጣቱን አጠፍ ዘርጋ አድርገው ፈተሹት።

«ከነገ ወዲያም እረፍ» አሉት። «ይህ እጅ ገና ሦስት ግድግዳ አለበት።»

ሣህለ ማርያም እዚያው ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀሰ።