ልጄ የፈራችው

ልጄ በምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ አንድ አዛውንት መታጠቢያ ቤት ብቻቸውን ተትተው ወደቁ። አለቃዋ ግን ለቤተሰቡ «ከአልጋ ነው የወደቁት» ብላ እንድትናገር አዘዘቻት። የልጄ ሥራ ገና ቋሚ አልነበረም። እውነቱን ልትነግራቸው ስትነሣ፣ እኔ በስደት በምንኖርበት ሰፈር፣ ሆልምሊያ ባለው ሳሎናችን መቀመጥ አቅቶኝ እንቆራጠጥ ነበር።

«ቢያባርሩሽስ? አትፈሪም?»

«እፈራለሁ እንጂ አባዬ። ውሸቱን።»

የቡድሃን ትምህርት መከታተል ስትጀምር ተቆጥቼ፣ ልሞግታት ብዬ መጽሐፍ ተውሼ ነበር። መጽሐፉ ሰውን የሚጠብቀው በክፉ ሥራ ማፈርና ክፉን መፍራት ነው ይላል። ፍርሃትንማ እኔም አስተምሬያታለሁ፤ ግን «እግዜርን ፍሪ» ባልኩበት አፍ «አለቃሽንም ፍሪ» እላት ነበር።

ጃኬቴን አነሣሁ።

«ደግሞ ወዴት ነህ?»

«እስከ ባቡሩ ልሸኝሽ።»

«ልትመልሰኝ ነው?»

«ኔይ» አልኳት በዚህ አገር ቋንቋ፤ አይደለም ለማለት።

ባቡሩ ከሄደ በኋላ ግን ወደ ቤት መግባት አልቻልኩም፤ እስክትመለስ እዚያው ጣቢያው ላይ ጠበቅኳት።