የእትዬ ዳሲቱ ጀርባ

እትዬ ዳሲቱ ካሜራ አያምኑም። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ፣ ከሥራ በወጡ ቁጥር በር ላይ እጃቸውን ዘርግተው ሲፈተሹ ነው ያረጁት። አሁን እኛ ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ክፍል ተላላኪ ናቸው።

ለጭንቅላት ኦፕራሲዮን የሚሆን አዲስ ካሜራ ሲተከል፣ "ሌባ ሊያደርጉን ነው" አሉኝ። ያልነኩትን ነኩ እንዳይባሉ፣ ከዚያ ወዲህ ጀርባቸውን ሰጥተውት ነው የሚቆሙት።

ትናንት ዶክተር ብሩህ መሣሪያውን በሽተኛው ጭንቅላት ውስጥ እንዳስገባ፣ መሣሪያው ያለበትን ቦታ የሚያሳየው ምልክት ከስክሪኑ ላይ ጠፋ። እጁን ሳያንቀሳቅስ ዞር ብሎ አየ። እትዬ ዳሲቱ ካሜራው ፊት ተገትረዋል።

"እትዬ፣ ይሄ ሰው አያይም" አላቸው። "የሚያየው መሣሪያው እጀታ ላይ ያሉትን የሚያብረቀርቁ ኳሶች ብቻ ነው። ጫፉ የት እንደደረሰ የምናውቀው በእነሱ ነው። ሲከልሉት እኔ ታወርኩ ማለት ነው።"

እኔማ ደሜ ፈልቷል፤ የሰው ነፍስ ነው። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ገለል አሉና ጠየቁ።

"ታዲያ እኛን የሚያየው የት ነው ያለው?"

ሁላችንም ቀና ብለን ጣሪያውን ቃኘን፤ ዶክተር ብሩህም ጭምር።