ካላክላ የሸለመችው ፊልም

ባለፈው ሳምንት መኮየፉን፣ በውሃ የሚያቀዘቅዘውን ማሽን፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አበራሁት። የካርቱም ብርድ ተብዬው አልቆ ሙቀቱ ሲመለስ፣ መስኮቱ ላይ በተገጠመው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያለው ጭድ ከወራት ድርቀት በኋላ ውሃ ሲጠጣ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ዝናብ የነካው አፈርና ያረጀ ቅርጫት አንድ ላይ የተነከሩ ይመስላል። ጀሪፍ በምትገኘው ቤቴ፣ ከጦርነቱ ሸሽተን ቆይተን ስንመለስ በጠገንኳት ክፍል፣ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ፊልም እያየሁ ነበር። ቀን ቀን አንድ ክሊኒክ ውስጥ ለሐኪሞቹና ለአበሻ በሽተኞች አስተረጉማለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ለአንድ የአማርኛ የኢንተርኔት ሬዲዮ ስለ ፊልም እጽፋለሁ። በየዓመቱ ለትልቁ የፊልም ሽልማት የታጩት ሲታወቁ ዝርዝሩን ይልኩልኝና፣ ሁሉንም አይተሽ ፍርድሽን ስጪን ይሉኛል። ዘንድሮ ዘጠኝ ናቸው። አራተኛውን ጀምሬ፣ ያ የጭድ ሽታ ክፍሉን ሞልቶት ሳለ፣ የገዛ ድምፄን ሰማሁት። ከፊልሙ ግርጌ የሚያልፈውን የዐረብኛ ጽሑፍ፣ ማንም በሌለበት ክፍል፣ ጮክ ብዬ በአማርኛ እያነበብኩ ነበር።

ይህን የማደርገው በአሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ያኔ ግን የሚሰማኝ ሰው ነበረ።

የምንኖረው የካርቱም ዳርቻ በሆነችው ካላክላ ነበር፤ ስምንት ክፍሎች አንዱን አሸዋማ ግቢ፣ ሆሹን፣ ከበው በቆሙበት ቤት። ተከራዮቹ እንደ እናቴ ያሉ አበሻ ሴቶች ናቸው፤ ማለዳ በሐፍላ፣ በከተማው ሚኒባስ፣ ተጨናንቀው የሀብታሞቹ ሰፈር ዐማራት ይሄዳሉ፣ የሰው ቪላ ሲጠርጉና ሲወለውሉ ይውላሉ፣ ሲመሽ እግራቸውን እየጎተቱ ይመለሳሉ። ዓርብ ግን የአገሩ የዕረፍት ቀን ስለሆነ የራሳቸው ነው። በማዕዘኗ ክፍል ደግሞ ጋሽ ተሰማ ይኖር ነበር፤ ቴሌቪዥን ጠጋኝ፣ ከሲታ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። አገር ቤት ሳለ በአንድ ሲኒማ ቤት የፊልም ማሽን ያዞር ነበር። አገሩን ትቶ ሲመጣ ሌላውን ሁሉ እዚያው ጥሎ ሲኒማውን ብቻ ይዞ የመጣ ይመስለኛል። በየዓመቱ የታጩትን አምስት ፊልሞች ስም ከሬዲዮ ሰምቶ በባለ ካሬ ደብተሩ ይጽፋል፤ ከዚያ ገበያውን ከሱቅ ሱቅ አካልሎ የተቀዱትን ዲስኮች ያሰባስባል። አንዳንዴ አምስተኛው ጠፍቶ እስከ ኦምዱርማን ይሄዳል። ከዚያ በየዓርቡ ከሰዓት በኋላ፣ ሊጠገን መጥቶ ባለቤቱ ያልወሰደውን ትልቁን ቴሌቪዥን መስኮቱ ላይ ወደ ግቢው አዙሮ ያስቀምጣል፤ መኮየፉም ጎን ለጎን ወደ ውጭ እየነፋ በዚያ እርጥብ ሽታ ያቀዘቅዘናል።

ሕጉ ጥብቅ ነበር። አምስቱንም ያላየ ድምፅ አይሰጥም። ያንቀላፋ፣ ወጥ ለማማሰል ብሎ ከመሃል ተነሥቶ የሄደ፣ እንዳላየ ይቆጠራል። በመጨረሻው ዓርብ አምስት የሻይ ብርጭቆዎች ይደረደራሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ማንበብ ስለማይችሉ በየብርጭቆው ፊት ሥዕል ያለበት ወረቀት ይቀመጣል፦ ባርኔጣ፣ ፈረስ፣ መርከብ። እያንዳንዷ ሴት ከበላችው ተምር የቀረውን ፍሬ በወደደችው ብርጭቆ ውስጥ ትጥላለች። የእነሱ ዳኝነት ምሕረት አልነበረውም። ዓለም ሁሉ ያደነቀውን አንድ ዝምታ የበዛበት ፊልም እናቴ፣ "ይቺ ሴትዮ መስኮት ዳር ቆማ ስታስብ እኔ ሦስት ሳሎን ወልውዬ እጨርሳለሁ" ብላ በአንድ ቃል ጣለችው። ስለ ሀብታም ባልና ሚስት ፍቺ የሚያወራውን ደግሞ፣ ያን ሁሉ የቆሸሸ ሳህን ማን አጠበው ብለው ሲከራከሩ ዋሉ።

ፊልሞቹ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው፤ ከግርጌያቸው የሚያልፈው ዐረብኛ። ሴቶቹ የገበያውን ዐረብኛ አሳምረው ያወራሉ፤ የመጽሐፉ ዐረብኛ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፊደሉንም ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። እኔ በሱዳኖች ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጬ እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አማርኛዬ ጎደሎ ነበር። ጠበቃ የሚለውን ቃል ስለማላውቅ "ፍርድ ቤት ውስጥ በክፍያ የሚጮኸው ሰውዬ" እል ነበር፤ ሰርጓጅ መርከቡን "የውሃ ሐፍላ" ብዬው ግቢው ለአንድ ወር ሲስቅ ከረመ። ቢሆንም አሥራ አራት ትልልቅ ሴቶች አፌን ጠብቀው ይስቃሉ፣ አፌን ጠብቀው ያለቅሳሉ። አስተርጓሚዋ ለማለት ቱርጁማኗ ብለው ይጠሩኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም እንደዚያ አላዳመጠኝም።

ከእነዚያ ሴቶች አንዷ እትዬ አስካለ ነበረች። ልብስ አጣቢ ናት፤ እጆቿ ከሳሙናው ብዛት የነጡ፣ ሳቋ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ የሚሰማ። አንድ ልጇ ሙሉጌታ፣ ግንባታ ቦታ የቀን ሥራ ሲሠራ ቆይቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር በጭነት መኪና በረሃውን ሊያቋርጥ ወደ ሊቢያ ከወጣ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። ስልክ የለም፣ መልእክት የለም። የጠፉ ሰዎችን የሚያፈላልግ ቢሮ ዐማራት ውስጥ አለ ብለዋት፣ ፎቶውን ይዛ ስሙን ልታስመዘግብ አስባ ነበር።

በዚያ ሰሞን ያየነው አራተኛው ፊልም ስለ አንዲት የዓሣ አጥማጅ እናት ነበር። ልጇ ባሕር ገብቶ ቀርቷል፤ እሷ ወደቡ ላይ ትጠብቃለች። ወደ መጨረሻው ግድም አንድ ባለሥልጣን ቆቡን በእጁ ይዞ በሯ ላይ ይቆምና ይናገራል። ጽሑፉ ግርጌ ላይ ወጣ፤ ልጅሽ ሞቷል፣ ሬሳው ተገኝቷል ይላል። ቀና ስል እትዬ አስካለን አየኋት። ሻሿን አፏ ውስጥ ከትታ፣ ስክሪኑን ትታ፣ እኔን ታያለች።

"ልጅሽ ተገኝቷል" አልኩ። "ሌላ ከተማ ሥራ ይዟል። ይመጣል።"

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ፊልሙ ግን እዚያ አላበቃም፤ እናትየዋ መሬት ላይ ወድቃ ማልቀስ ጀመረች።

"ምን ሆና ነው?" አለች እናቴ።

"በደስታ ነው" አልኩ።

ቀጥሎ ጥቁር ለብሳ መጣች። እዚያ አገር ለደስታ የሚለበሰው ጥቁር ነው አልኩ። ሰዎች ሻማ ይዘው ተሰለፉ፤ የስለት ነው አልኩ። ጋሽ ተሰማ ከበሩ ላይ ቆሞ ያየኛል፤ ከሲኒማ ቤቱ ዘመን የቀረችው ትንሽ እንግሊዝኛ እንዳለችው አውቃለሁ። ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ። በመጨረሻው ዓርብ አሥራ ሦስት የተምር ፍሬ መርከቡ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ገባ። ካላክላ በዚያ ዓመት የሸለመችው፣ መጨረሻው በዓለም ላይ የሌለ ፊልም ነው።

ትልቁ ጣጣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ "አስካለ እኮ ቢሮው ጋ መሄዱን ተወችው" አለችኝ። "ያቺ ሴትዮ ቁጭ ብላ ጠብቃ አይደል ልጇ የተገኘው፣ እኔም እጠብቃለሁ አለች። ፊልሙ ልብ ሰጣት።" እየሮጥኩ ጋሽ ተሰማ ክፍል ገባሁ፤ የተበታተነ ሬዲዮ ፊቱ ዘርግቶ ተቀምጧል። ሳልጨርስለት ገባው።

"እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ" አለኝ። "ዝም ያልኩት ደግሞ ደስ ስላላት ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። ዓርብ ጠዋት እሷን ብቻ ጠርተን እንደገና እናሳያት።"

"እኔ አላነብም ጋሼ።"

"ካንቺ ሌላ ማን አለን?"

ዓርብ ጠዋት ሌሎቹ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እትዬ አስካለን ለብቻዋ አስቀመጥናት። ባለሥልጣኑ በሩ ላይ ሲቆም ማንበቤን ተውኩ። ጋሽ ተሰማ ፊልሙን አቁሞ ጠበቀኝ። ከዚያ አነበብኩት፤ ያለውን ሁሉ፣ እስከ ሻማው ድረስ። እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞረች።

"ያን ቀንም ሞቷል ነበር የሚለው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"አንቺ ነሽ ያዳንሽው?"

ሻሿን አስተካክላ ተነሥታ ወጣች። ለሦስት ሳምንት ግቢ ውስጥ ስንተላለፍ ፊቷን ታዞርብኝ ነበር። እኔም አማርኛ ማውራት አስጠላኝ፤ ከእናቴ ጋር እንኳ በዐረብኛ ብቻ እመልስ ጀመር።

ከዚያ አንድ ቀትር ከትምህርት ቤት ስወጣ እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆማለች፤ በአንድ እጇ የሙሉጌታን ፎቶ በፕላስቲክ ጠቅልላ፣ በሌላው ለእኔ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ሉገይማት፣ ስኳር የተነሰነሰበት ጥብስ ሊጥ፣ ይዛ። "ያላ፣ ቱርጁማን" አለችኝ። "የቢሮው ወረቀት በዐረብኛ ነው አሉ። ብዪና እንሂድ፤ ግን ዛሬ የተጻፈውን ብቻ ነው የምታነቢልኝ።" ከጣቶቼ ስኳር እየላስኩ በሐፍላ ዐማራት ሄድን። ቅጹ አራት ገጽ ነበር። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ አገር። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ በሰውነቱ ላይ ያሉ ጠባሳዎች፣ የጥርሱ ሁኔታ፣ መጨረሻ የለበሰው ልብስ ይላል። ለምን እንደሚጠይቁ በአሥራ አንድ ዓመቴም ገብቶኛል፤ እሷም ገብቷታል። አንዱንም ሳልዘል አነበብኩላት። እሷም አንዱንም ሳትዘል መለሰች፤ ግራ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ከበቅሎ ወድቆ ያገኘው መሆኑን እንኳ ካልጻፍሽልኝ አለች፣ ጻፍኩላት። ስንወጣ እጄን ያዘችኝ፤ እስከ ካላክላ ድረስም አለቀቀችኝ።

መልሱ የመጣው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ሙሉጌታ በሕይወት አለ። አንዲት የበረሃ ከተማ እስር ቤት ቆይቶ ተፈትቷል፤ ቢሮው ከእሱ አንድ ገጽ ደብዳቤ አምጥቶልናል። ግቢው ሁሉ ተሰብስቦ ቱርጁማኗ ተጠራች። ወረቀቱን ከፈትኩ፤ ደነገጥኩ። የተጻፈው በአማርኛ ነበር፤ እኔ ደግሞ የአማርኛ ፊደል አልቆጠርኩም። "በአማርኛ ነው፣ አላውቀውም" አልኩ።

እትዬ አስካለ ያን መንገድ የሚሰማ ሳቋን ለቀቀችው። "አምጪ ወዲህ! ይሄን እንኳ እኔ ነኝ የማነብልሽ።" ለካ ልጅ ሳለች በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች። የነጣ ጣቷን ከየፊደሉ ሥር እያሳለፈች፣ አንዳንዱን ቃል ሁለቴ እየጀመረች አነበበችው። "ደህና ነኝ እማዬ። እግሬን አሞኝ ነበር፣ አሁን ድኗል።" አሥራ ሦስቱም ሌሎች ሴቶች ያን ቀን የእሷን አፍ ጠበቁ፤ እኔም አሥራ አራተኛ ሆኜ ጠበቅኩ። ከሚቀጥለው ዓርብ ጀምሮ ፊደል ታስቆጥረኝ ጀመር፤ ሌላ መጽሐፍ ስላልነበረን በዚያው ደብዳቤ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር "ደህና ነኝ" የሚለው ነው።

ዛሬ እትዬ አስካለ ጁባ ናት፤ ሙሉጌታ ከሊቢያ ተመልሶ እዚያ የመኪና ጥገና ከፍቷል፣ እሷም የልጅ ልጆቿን ታሳድጋለች። ጋሽ ተሰማ ከጦርነቱ በፊት በሕመም አረፈ፤ ደብተሩ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። እናቴ በጦርነቱ በተሰደድንበት ገዳሪፍ ቀርታለች። ካላክላ ሄጄ ግቢውን አየሁት፤ ጣሪያዎቹ ተነቅለዋል፣ በሮቹም የሉም። ከአሥራ አራቱ ሴቶች የት እንዳሉ የማውቀው ስድስቱን ነው። ፊልም አሁን እንደልብ ነው፤ ከሱቅ ሱቅ መዞር የለም፣ ሲሰለቸኝ አቆመዋለሁ፣ ሲያመልጠኝ እመልሰዋለሁ። የማይመለሰው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲዘገይ ትንፋሹን የሚይዝ ያ ሁሉ ሰው ነው። ስለ ዘንድሮዎቹ ስጽፍ ግን የወደድኩትን ወደድኩት፣ ያላመንኩትን አላመንኩትም እላለሁ፤ የሚያሳዝነውንም አላጣፍጠውም።

አራተኛውን ፊልም ስጨርስ ሙቀቱ በረድ ብሎ ስለነበር አምስተኛውን በረንዳ ላይ ላየው ወጣሁ። በእኔና በጎረቤቴ በኡም ሳልማ መካከል ያለው አጥር በጦርነቱ ስለፈረሰ፣ ከጓሮዋ ሆና ስክሪኑ ይታያታል። ጽሑፉን ራሷ ታነበዋለች፤ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። ቀስ በቀስ የፈረሰውን ጡብ ተሻግራ ሁለት ልጆቿን አስከትላ መጣች። በመሃል አባትየው ልጁን አልቀበልም ሲል፣ "ምን ዓይነት ሰው ነው!" ብላ ጮኸች፤ እኔም ሳላስበው መልስ ሰጠኋት፤ ሙግት ጀመርን። ፊልሙ ሲያልቅ ለሬዲዮው ዘጠኝ ፊልም እንደማይ ነገርኳት፤ ስንት እንደቀረኝ ጠየቀችኝ።

"አራት" አልኳት።

የአጥሩን ፍርስራሽ አየት አደረገች። "ግንበኛው ሐሙስ መጥቶ ሊዘጋው ነበር" አለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ደወለችለት፤ ከአራቱ ፊልሞች በኋላ እንዲመጣ ነገረችው።