ዳዊቱን ያለ መነጽር

እዚህ ሰው አገር፣ የዓይን ሐኪሜ «የዓይንሽ ግፊት ከፍ ብሏል፤ ዕይታን ከጎን ጀምሮ የሚያጠፋው ግላኮማ ግን ገና አልሆነም» አለችኝ። ተመስገን አልኩ። አከታትላ «ከቤተሰብሽ ፊት ለፊቱን እያየ ጎኑን የማያይ ሰው ነበረ?» ስትለኝ ግን አባቴ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ቦሌ፣ የቀበሌው ሱቅ በር ላይ ስኳር ልንገዛ ተሰልፈናል። የአባቴን እጅ ይዣለሁ፤ ኮቱ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። ልጃቸው የታሰረባቸው ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በጎኑ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱት። አልመለሰም።

«አቶ ተሰማ፣ ሰላምታም ተከለከለ እንዴ?»

አባቴ ደንግጦ ዞረ። «በመድኃኔዓለም፣ አላየሁዎትም!»

«ዳዊቱን ያለ መነጽር የሚደግም ዓይን እኔን አጣኝ? ልጄ ስለታሰረ ፈርተው ነው እንጂ!»

አባቴ አንገቱን ደፋ። እኔም አላመንኩትም፤ ጣቶቼን ቀስ ብዬ ከእጁ አወጣሁ።

ዓይኑን ሳይመረመር አረፈ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ያን ቀን እዚያ የነበራችሁ፣ በጎኑ ካለ ነገር ጋር ሲጋጭ ያያችሁት እንደሆነ እባካችሁ ጻፉልኝ። እትዬ አስካለንም ካገኛችኋቸው፣ «ምናልባት እውነቱን ነበር» በሉልኝ።