የግርማ ሚኒባስ ጭስ

ሰበታ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊው አቶ ፈቃዱ ሰማያዊ ቱታ ሰጡኝና ጉድጓዱ ውስጥ እንድወርድ አዘዙኝ። መኪናው ከላይ ይቆማል፣ መርማሪው ከታች ሆኖ በባትሪ ያያል። «ፊትሽ ላይ ጠብታ ካረፈ መኪናው ያፈሳል ማለት ነው፤ ለዚህ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም» አሉኝ። የአውቶ ሜካኒክ ዲፕሎማ ነበረኝ። ስለ ፊት ግን ማንም አላስተማረኝም።

የመጀመሪያው መኪና የኦቦ ለሜሳ የጭነት መኪና ነበር። ኦቦ ለሜሳ የተጂ ገበሬ ናቸው፤ ጤፍ ወደ አዲስ አበባ ያመላልሳሉ። ከጉድጓዱ ስወጣ ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሴት እንደምታየው ባውቅ አሳጥቤው እመጣ ነበር።»

«ኦቦ ለሜሳ፣ የፍሬን ዘይት ያፈሳል።»

«እሱማ ቢታጠብም ያፈሳል» አሉ።

ዓመታዊ ምርመራውን ያላለፈ መኪና ቦሎ አያገኝም። ቦሎ የሌለውን ደግሞ ትራፊክ ሰሌዳውን ይፈታበታል። ስለዚህ ሹፌሮች ለምርመራ ቀን ዕቃ ይዋዋሳሉ፤ ተጠባባቂ ጎማ ሳይቀር። አንድ ጠዋት እጀታው የተሰበረ አንድ የእሳት ማጥፊያ ሦስት መኪና ላይ አገኘሁ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ሹፌሩን «እኔ ዘንድ ይቀመጥ፣ አትመላለሱ» አልኩት። እሱም ሳያፍር «አምላክ ይስጥሽ፣ ከብዶን ነበር» አለኝ።

የጭስ መለኪያው የመጣው በኋላ ነው። ሞተሩ መሞቅ አለበት። የመለኪያውን ቱቦ የጭስ ማውጫው፣ የማርሚታው፣ ጫፍ ውስጥ እናስገባለን። ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይረግጣል። መሣሪያው የጭሱን ጥቁረት ያነብባል። ሹፌሮቹ ለዚህም መላ አላጡም። ነዳጅ የሚገፋውን ፖምፓ ለአንድ ቀን ያስቀንሱታል። እንዲያ ያለው መኪና ንጹሕ ሆኖ ያልፍና ወደ ሱሉልታ የሚወስደውን ዳገት ሲጀምር አቅም ያጣል። በማግስቱ ይመልሱታል።

ባለቤቴ ግርማ ከሰበታ አየር ጤና የሚመላለስ ሚኒባስ ነበረው። የፉሪ ቤታችንም የልጆቻችን ትምህርት ቤትም በዚያ ሚኒባስ ላይ የቆሙ ነበሩ። መኪናው ናፍጣ ነው፤ ከጀርመን ያገለገለ ሆኖ የመጣ። ከፊት መስታወቱ ጥግ ላይ ክብ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ መሐሉ ላይ የ2 ቁጥር አለ። ግርማ መስታወቱን ሲያጥብ እሷን እንዳይነካት በጣቱ ዙሪያዋን እየዞረ ነበር የሚያጥበው። ተሳፋሪ ከጠየቀው «የጀርመን ምርመራ ያለፈበት ምልክት ናት» ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው።

ግርማ ካረፈ ዓመት አልፏል። ይህን ቦታ ስጽፍ እስክሪብቶውን ብዙ ጊዜ አስቀምጫለሁ።

አንድ ጊዜ የየጣቢያው መርማሪዎች ለሥልጠና ቡራዩ ተጠራን። አሠልጣኟ ሕሊና የምትባል ወጣት መሐንዲስ ነበረች፤ ጀርመን ተምራለች። ግድግዳው ላይ ምድርን በሚያሞቀው ጋዝ የአገሮችን ድርሻ በሥዕል አሳየችን። ከጥንት ጀምሮ የተቃጠለው ከተደመረ አሜሪካና የአውሮፓ አገሮች ከፊት ናቸው። የዛሬው ብቻ ከታየ ቻይና ትቀድማለች። በነፍስ ወከፍ ከሆነ ትናንሾቹ የባሕረ ሰላጤ ነዳጅ አምራቾች ይበልጣሉ። የእኛ መስመር ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ከኋላ የተቀመጥነው አላየነውም።

የሱሉልታው መርማሪ እጁን አወጣ። «ታዲያ እኛ ምን እንለካለን?»

«ሁለት ነገር አለ» አለችው። «ምድርን የሚያሞቀው አይታይም፤ ከየትም ቢወጣ ዓለምን ይዞራል። እሱን በብዛት ያወጡት እነሱ ናቸው። እናንተ የምትለኩት ጥቁሩን ነው። እሱ የወጣበት መንገድ ዳር ይቀራል።»

ቀጥላ ጀርመኖቹ መኪናን በጭሱ ደረጃ፣ መስታወት ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ቀለም፣ እንዴት እንደሚለዩ አሳየችን። አረንጓዴው ከተማ ይገባል። ቢጫው በብዙ ቦታ ይከለከላል። ወረቀት ከሚሰጣቸው ሁሉ የባሰው ቀዩ ነው፤ የ2 ቁጥር ያለበት።

ማታ ራት ላይ ለግርማ ነገርኩት። ጉርሻውን ሳይጨርስ ሰሐኑ ላይ መለሰው።

«እና ያባረሩትን ነው የገዛሁት?»

«ከተማ እንዳይገባ የከለከሉትን።»

«ያው ነው» አለ። ወረቀቷን ይልጣታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልላጣትም።

ምርመራው ሲደርስ ፖምፓውን ሳያስቀንስ መጣ። መርማሪ የዘመዱን መኪና አይመረምርም፤ ስለዚህ ቱቦውን የያዙት ራሳቸው አቶ ፈቃዱ ናቸው። ግርማ ረገጠ፣ ለቀቀ። ጥቁሩ ጭስ ጣሪያው ድረስ ወጣ። ንባቡ ከገደቡ በላይ ነበር። አቶ ፈቃዱ ወደ ጎን ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወይዘሮ አስናቀች፣ መሣሪያው ዛሬ አስቸግሯል ልበልና ነገ አስተካክሎ ይምጣ?»

«መሣሪያው ደኅና ነው» አልኳቸው።

ግርማ ሰማ። ከመኪናው ወርዶ ቀይዋን ወረቀት በጣቱ መታ መታ አደረጋት። ተራ የያዙት ሹፌሮች ተሰበሰቡ።

«እነዚህ ሰዎች ከተማችን አይግባ ያሉትን ለእኔ ሸጡ። ከተማቸው ጸዳ፣ ገንዘቡንም ወሰዱ። አሁን ቅጣቱ የእኔ ሆነ? መርማሪዋ አንቺ ነሽ። ጥፋተኛው ማን ነው?»

ኦቦ ለሜሳም ከተራው ውስጥ ነበሩ። «ሻጩ ይጠራ» አሉ። «ጀርመን ይምጣና እዚህ ተራ ይያዝ።»

ሰው ሳቀ። አንዱ «አሜሪካም ይጨመር» አለ።

«ቻይናስ?»

«ቻይናን ተዋት፣ መንገዱን እየሠራችልን ነው።»

ግርማ አልሳቀም። እኔን ነበር የሚያየኝ። «ጭሱ ከገደቡ በላይ ነው» አልኩት። አቶ ፈቃዱ ውጤቱን ፈረሙበት፣ መኪናው ወደቀ።

ሚኒባሱ ፉሪ ግቢያችን ውስጥ ቆመ። ግርማ ተቀጥሮ የሰው መኪና መንዳት ጀመረ። በራሱ መኪና ስንት ዓመት የሠራ ሰው ማታ ለሌላ ሰው ሒሳብ ማስረከብ ከበደው። ከእኔ ጋር የሚነጋገረው ስለ ልጆቹ ብቻ ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሞተሩን ከፍቶ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች ሲያወጣ አገኘሁት። ነጠላዬን አስቀምጬ አጠገቡ ቆምኩ። ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«አንቺ ግን ማን ነው ትያለሽ? ከልብሽ።»

«እነሱ ናቸው። ብዙውን ያቃጠሉት እነሱ ናቸው። ይሄንንም አውቀው ነው የሸጡት። አንተ የበደልከው ነገር የለም።»

«እዚያ ለምን አላልሽም?»

«እዚያ ምን ይጠቅምሃል? አታልፍም ነበር።»

«አሳልፊኝ መቼ አልኩሽ?» አለ። «ማን ነው ብዬ ጠየቅኩሽ። አንቺ ስለ ገደብ ነገርሽኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ በካዩ እኔ ሆንኩ።»

ሳይነሳ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«በይ አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ አቀብዪኝ» አለኝ። አቀበልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ቀድሞው ተነጋገርን።

ኖዝሎቹን አስጠገነ። አልበቃም። ሞተሩን አስወርዶ የፒስተኖቹን ፋሻ፣ ቀለበቶቹን፣ አስለወጠ። በድጋሚ ምርመራው ከገደቡ በጥቂት ዝቅ ብሎ አለፈ። አቶ ፈቃዱ ጨበጡት። ግርማ እስኪታመም ድረስ በዚያ መኪና ሠራ።

የሞተው በኩላሊት ነው። ለቅሶ የመጡ ሹፌሮች «ጭሱ ነው የበላው፣ ስንት ዓመት ስንጠጣው» ይሉ ነበር። ሐኪሙ እንደዚያ አላለም፤ እኔም አልልም። በሙያዬ ያልለካሁትን አልጽፍም።

አሁንም ጣቢያው ውስጥ ነኝ። ጉድጓድ አልወርድም፤ አዲስ መርማሪዎችን አሠለጥናለሁ። የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቢበዙም አሮጌዎቹ ናፍጣዎች ገና ተራ ይዘው ይመጣሉ። ባለ መኪኖቹም ግርማ የጠየቀውን ይጠይቃሉ።

ለምታሠለጥኑም ለምትሠለጥኑም የምለው ይህን ነው። ባለ መኪናው ጥፋተኛው ማን ነው ሲላችሁ ስለ ገደብ አትንገሩት፤ የጠየቃችሁን መልሱለት። ብዙውን ያቃጠሉት ሀብታሞቹ አገሮች ናቸው፣ አሮጌውንም የሸጡልን እነሱ ናቸው በሉት። ሰው እየሰማ በሉት። ከዚያ በኋላ፣ ንባቡ ከገደቡ በላይ ከሆነ፣ መኪናውን ጣሉት።