ለጀርመኑ ጎረቤቴ ያለቀስኩት ለቅሶ

ኖርዝ ሜልቦርን፣ በመንግሥት ኪራይ ፎቅ ጎረቤቴ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ሲጫወቱና መዘምራን ሲመሩ የኖሩ። በቀደም አምቡላንስ ወሰዳቸውና ፎቁ በሙሉ «ሞቱ» አለ። የዚህ አገር ሰው አበባውን ጣል አድርጎ ወደ ሥራው ይሮጣል። እኔ ግን ወግ አውቃለሁ! ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያልኩ፣ ደረቴን እየደቃሁ በራቸው ላይ ቆምኩ።

በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው።

«አልሞቱም እንዴ?» አልኳቸው፤ አፈርኩም፣ ተናደድኩም።

«ገና ነኝ» አሉ። «መዘምራኔን አንድ በአንድ እኔው ኦርጋን እየተጫወትኩ ሸኘኋቸው። ለእኔ ማን ቀረ?»

ወንበር ስበው ተቀመጡና መዘምራን እንደሚመራ ሰው እጃቸውን አነሱ።

«እስቲ ከመጀመሪያው ይበሉት፤ ስሞት አልሰማዎትም።»